የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው፤ የጣናን ልጅ ደግሞ የጣና እውቀት

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የምጽፈው ስለ ዓሣ ነው። «አንተ ደግሞ ዓሣ ምን አጨቃጨቀህ?» የሚል አይጠፋም። የሚያጨቃጭቀኝ ዓሣው አይደለም፤ ስለ ዓሣው የሚታወቀው ነገር ማን እጅ ላይ እንዳለ ነው።

ነገሬን አስቀድሜ ልናገር። ስለ ጣና ዓሣዎች ባለፉት ሠላሳ ምናምን ዓመታት ብዙ ተጠንቷል። ጥናቱ የተሠራው በእኛ ውሃ ላይ፣ በእኛ ዓሣ፣ በእኛ አስጋሪዎች እርዳታ ነው። ከፊሉም በሕዝብ ገንዘብ ነው የተሠራው። ውጤቱ ግን ሐይቁ ዳር ለሚኖረው ሰው ዝግ ነው። ለአስጋሪው ዝግ ነው፣ ለወረዳ ባለሙያው ዝግ ነው፣ ለእኔ ለባዮሎጂ አስተማሪው ዝግ ነው። ይሄ ነውር ነው። ሌላ ለስለስ ያለ ቃል ፈልጌ አጥቼ ሳይሆን ነውር ስለሆነ ነው ነውር የምለው።

መጀመሪያ ምን እንዳለን እንወቅ።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ስፋቱን አይታችሁ ጥልቅ እንዳይመስላችሁ፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከሐይቁ ወጣ ብሎ 40 ሜትር ገደማ የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ። ዓሣ ፏፏቴ አይወጣም። ስለዚህ ከላይ ያሉት ዓሣዎች ከታቹ ዓባይ ተነጥለው፣ ለብቻቸው ሆነው፣ በረጅም ዘመን ውስጥ ወደ ብዙ ዝርያ ተከፋፈሉ። በተለምዶ ነጭ ዓሣ የምንለው፣ በሳይንስ ስሙ ላቤኦባርበስ የሚባለው፣ አንድ ዓይነት ዓሣ አይደለም። ናጌልከርከ እና ሲቢንግ የሚባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እዚህ ሐይቅ ላይ ዓመታት ሠርተው ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎችን ለይተው ገልጸዋል። ከእነዚህ 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። የሚገርመው ደግሞ ይሄ የዓሣ ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም! ጥርስ የሌለው አዳኝ ማለት ነው። እንዲህ ያለ የዚህ ቤተሰብ ስብስብ በሌላ ሐይቅ ውስጥ አይገኝም።

እንግዲህ እኔ ዝግመተ ለውጥ ሳስተምር ምን እያልኩ ነው የማስተምረው? የጋላፓጎስ ፊንቾች! ተማሪዬ በሕይወቱ የማያያትን ወፍ ምንቃር በጠመኔ እየሳልኩ አስረዳለሁ። ምሳው ላይ የበላው ዓሣ ግን ከፊንቹ ባልተናነሰ ዓለም የሚያወራለት ምሳሌ መሆኑን አያውቅም። ለምን? ስለ ፊንቹ የተጻፈው ሁሉም ቦታ አለ። ስለ ነጭ ዓሣ የተጻፈው ተቆልፏል።

ነገሩ የትምህርት ጉዳይ ብቻ ቢሆን እንኳ ዝም እል ነበር። አይደለም። የእንጀራ ጉዳይ ነው።

በ1986 እ.ኤ.አ. በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ማስገር ጣና ላይ ተጀመረ። ከዚያ በፊት አስጋሪው የደንገል ታንኳውን ይዞ ከዳር ብዙም ሳይርቅ ነበር የሚሠራው። ሞተሩ ሲመጣ ሩቁ ሁሉ ቅርብ ሆነ። ማርቲን ደ ግራፍና ጓደኞቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የነበረውን የነጭ ዓሣ መጠን በ2001 እ.ኤ.አ. ከነበረው ጋር አነጻጽረው ያገኙት ውጤት አስደንጋጭ ነው፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት አራተኛ ገደማው ጠፍቷል። የጫጩቶቹ ቁጥር ደግሞ ከዚያም በባሰ ሁኔታ አሽቆልቁሏል። ጫጩት ከሌለ ነገ የለም፤ ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም።

ምክንያቱስ? እዚህ ላይ ነው ሳይንሱ ወርቅ የሚሆነው። ከነጭ ዓሣዎቹ ብዙዎቹ በክረምት፣ ነሐሴና መስከረም አካባቢ፣ እንቁላላቸውን ለመጣል ከሐይቁ ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማ፣ ግልገል ዓባይ፣ አርኖ ጋርኖ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው ንጹሕና ፈጣን ውሃ ያለበት፣ ጠጠር የተነጠፈበት ቦታ ፈልገው ይጥላሉ። አስጋሪው ይሄን ከአያቱ ያውቃል፤ ዓሣው አንድ ላይ የሚገኝበት ጊዜ ስለሆነ መረቡን እዚያው አፉ ላይ ይዘረጋል። አንዳንዱ ደግሞ ብርብራ ወቅጦ ወንዙ ውስጥ ይጨምራል። በእንቁላል የተሞላች እናት ዓሣ ተያዘች ማለት ሺዎች ተያዙ ማለት ነው። ቆሮሶ ይህን ያህል አይጎዳም፤ የሚራባው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ነው። ዘግይቶ የሚደርሰውና ወንዝ ድረስ የሚጓዘው ነጭ ዓሣ ግን አይችለውም።

አስተውሉ፤ ሳይንሱ «ማስገር ይቁም» አላለም። «በእነዚህ ሳምንታት፣ እነዚህ የወንዝ አፎች ላይ መረብ አትጣሉ» ነው ያለው። ዓመቱን ሙሉ ከመራብ ጥቂት ሳምንት መታገስ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጠባብ፣ ግልጽ፣ ሊፈጸም የሚችል ምክር የሚገኘው በጥናት ብቻ ነው። ምክሩም ለአስጋሪው ብቻ አይደለም። ጠጠርና አሸዋ ከወንዝ ለሚያወጣው የመንገድ ሥራ ተቋራጭም ነው፤ የሚዝቀው ጠጠር ለዓሣው የማዋለጃ ክፍል ነው። ግድብ ለሚነድፈው መሐንዲስም ነው፤ ርብ ላይ የተሠራውን ግድብ ስንመርቅ ዓሣው በየት እንደሚያልፍ የጠየቀ ስንት ሰው ነበር?

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አባቱ አስጋሪ የሆነ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ክረምት ላይ መረባችንን ለምንድን ነው የሚወስዱብን?» አለኝ። መልሱን በግምት አውቀዋለሁ። ግን ለልጁ በግምት መመለስ አልፈለግኩም። ወረቀቱን፣ ቁጥሩን፣ ካርታውን አሳይቼው ለአባቱ እንዲያሳይ ነበር የፈለግኩት።

ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። ርዕሱ መጣ፣ አጭር መግለጫው መጣ፣ ከዚያ የክፍያ በር መጣ። አንዲት ጽሑፍ ከ30 ዶላር በላይ! ለእኔ ቢጤ አስተማሪ ይሄ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ እንኳ ቢኖር በየትኛው ካርድ ነው የምከፍለው? እሺ፣ የአገር ቤቱስ ብዬ አንድ ተቋም ሄድኩ፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። የመመረቂያ ጽሑፎቹ መደርደሪያ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። «የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ። ከርእሰ መምህሩ አጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ ተመለስኩ። «ኃላፊው የሉም።» በሦስተኛው ጊዜ ገባሁ። «ማንበብ ይቻላል፤ ፎቶ ማንሳትና ኮፒ ማድረግ ግን ክልክል ነው።» ቆሜ በእጄ ገለበጥኩ። በዚህ ዘመን እንደ ድሮ ቁም ጸሐፊ! የገለበጥኩት ደግሞ የመንግሥት ምስጢር አይደለም፤ የዓሣ ማርገዣ ወር ነው።

አሁን ማን ነው የቆለፈው ወደሚለው እንምጣ። ሁለት ቁልፍ አለ።

የመጀመሪያው የውጭዎቹ ትልልቅ አሳታሚዎች ቁልፍ ነው። ሥራቸውን አስቡት። ተመራማሪው በነጻ ይጽፍላቸዋል። ሌላው ምሁር በነጻ ይገመግምላቸዋል። ከዚያ ለተመራማሪው አገር መልሰው ይሸጡለታል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ «ክፍት እናድርገው» ሲባሉ ክፍያውን ከአንባቢ ወደ ጸሐፊ አዞሩት፤ በብዙ ጆርናሎች ጽሑፍህ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ከፈለግህ ከ2,000 ዶላር በላይ ክፈል ይሉሃል። ለድሃ አገር ተመራማሪ ክፍያውን የሚተዉ መኖራቸው እውነት ነው፤ ግን እሱም ልመና ነው። እውቀት በምጽዋት ሲሆን የሰጪው ስሜት ሲቀየር ይቀየራል።

«አጎራ አለ አይደል እንዴ?» የሚለኝ ይኖራል። አዎ አለ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግብርናና የዓሣ ጆርናሎችን ለድሃ አገሮች በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚያቀርብበት ፕሮግራም ነው። መልካም ሥራ ነው፤ አላጣጥልም። ግን የሚያገለግለው የተመዘገበን ተቋም ነው፤ የይለፍ ቃሉም ያለው ተቋሙ ውስጥ ነው። ወረዳ ላይ ያለው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ የአስጋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ፣ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ የይለፍ ቃል ማን ይሰጠዋል? ተመርቃችሁ ከዩኒቨርሲቲ በወጣችሁ ማግስት በሩ ይዘጋባችኋል። እውቀቱ በጣም በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት ማለት ነው።

ሁለተኛው ቁልፍ ግን የራሳችን ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄኛው ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ያ ደ ግራፍ የጻፈው የጆርናል ጽሑፍ በገንዘብ ነው የሚሸጠው። በ2003 እ.ኤ.አ. ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት መጽሐፉ ግን ከዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ማኅደር በነጻ ይወርዳል። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ የእኛው ሰው እሸቴ ደጀን ስለ ጣና ትንንሽ ዓሣዎች የሠራው መጽሐፍም እንደዚያው። እንግዲህ ተመልከቱ። ስለ ጉማራ ወንዝ ኔዘርላንድ የተጻፈው በነጻ ይነበባል፤ ስለ ጉማራ ወንዝ ጉማራ አጠገብ የተጻፈው የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። ለዚህስ የውጭ አሳታሚ ነው የምንከሰው?

ባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል አለን። ሰበታ ብሔራዊ ማዕከል አለን። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በዓሣና በውሃ ሳይንስ ማስተርስም ዶክትሬትም ያስመርቃሉ። ድርማና መገጭ፣ አርኖ ጋርኖ ላይ ዓሣው መቼ እንደሚወጣ በክረምት ጭቃ ውስጥ እየተንቦራጨቁ ያጠኑ የአገር ልጆች አሉ፤ ባርኔጣዬን አነሳላቸዋለሁ። ጥያቄዬ ያ ሁሉ ድካም የት ገባ ነው። ከፊሉ የውጭ ጆርናል ውስጥ፣ ከፊሉ መደርደሪያ ላይ፣ ከፊሉ አንድ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ። ላፕቶፑ የተበላሸ ቀን ሐይቁ ትዝታውን ያጣል።

ተመራማሪዎቹን ብቻ መውቀስም ፍትሕ አይደለም። የደረጃ እድገታቸው የሚቆጠረው ስም ባለው ጆርናል ስንት አሳተሙ ተብሎ ነው። ለአስጋሪ በአማርኛ የተጻፈች አንዲት ገጽ ስንት ነጥብ ታስገኛለች? ዜሮ። ሥርዓቱ ለሩቅ አንባቢ ጻፍ፣ ለቅርቡ ዝም በል ብሎ ነው የሚሸልማቸው።

ግን ሕጉ እንዲህ አይልም! በ2012 ዓ.ም. መባቻ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጽድቋል። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ናድሬ በሚባለው ብሔራዊ ዲጂታል ማኅደር ገብቶ ለሁሉም ይከፈት ይላል። ከዚያ በፊትም የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ም አለን። ታዲያ ወረቀት ሞልቶልናል፤ የጎደለን የሚከፍተው እጅ ነው። አስጋሪው ሕግ ሲጥስ መረቡ ይወሰዳል። ፖሊሲ ያላከበረ ተቋምስ ምኑ ተወሰደ?

አሁን የምሰማቸውን ሰበቦች አንድ በአንድ ልመልስ።

«ብንከፍተውስ ማን ያነበዋል?» ቆልፈህ አንባቢ የለም ማለት በር ዘግተህ እንግዳ አልመጣም እንደማለት ነው። እኔ አነበዋለሁ። ተማሪዎቼ ያነቡታል። አስጋሪውም በሚገባው ቋንቋ ከመጣለት ከሁላችን በላይ ይረዳዋል፤ ውሃውን የሚያውቀው እሱ ነውና።

«መረጃችን ይሰረቃል።» ማን ነው የሚሰርቀው? ገንዘብና ዩኒቨርሲቲ ያለው የውጭ ሰው ቀድሞ ገዝቶታል። ዛሬ ያለው ቁልፍ የሚከለክለው ባለቤቱን ብቻ ነው። በጥንቃቄ መያዝ ያለበት ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የሰዎች የግል መረጃ፣ እሱ ይለይ። የዓሣ መራቢያ ወር ግን የማንም የግል መረጃ አይደለም።

«አስጋሪው የመራቢያ ቦታውን ካወቀ ይባስ ያጠፋዋል።» ይሄን የሚሉት በደንብ የተማሩ ሰዎች መሆናቸው ያሳዝነኛል። አስጋሪው ቦታውን ከእናንተ በፊት ያውቃል! የማያውቀው ባለፉት አሥርት ዓመታት የጠፋውን መጠን ነው። ለእሱ የተደበቀበት ቦታው ሳይሆን ምክንያቱ ነው። ምክንያቱን ሳትነግረው መረቡን ስትወስድ ሕግ ሳይሆን ጉልበት ነው የሚያየው። በማግስቱም በሌሊት ይመለሳል።

«ገንዘብ ይፈልጋል።» የመመረቂያ ጽሑፍ ሲገባ በፒዲኤፍ ነው የሚገባው። ፋይሉን ማኅደር ላይ መጫን የስንት ደቂቃ ሥራ ነው? ፊሽቤዝ የሚባለውን የዓለም ዓሣዎች መረጃ ቋት ተመልከቱ። እነ ዳንኤል ፖሊና ራይነር ፍሮዘ በተለይ በማደግ ላይ ላሉ አገሮች ባለሙያዎች አስበው ፊሊፒንስ ውስጥ ጀመሩት፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢንተርኔት ላይ በነጻ ለቀቁት። ዛሬ ስለ ጣና ነጭ ዓሣ መሠረታዊ ነገር ለማወቅ ፈጥኖ የሚደርስልኝ እሱ ነው። ፊሊፒንስ ሀብታም ስለሆነች አይደለም።

«አንተ በዲፕሎማህ ስለ ምርምር ምን አገባህ?» ይሄ እንኳ ፊት ለፊት አይባልም፤ በጎን ነው የሚወረወረው። መልሴ አጭር ነው። ስለሚያገባኝ ነው ያገባኝ። ተመራማሪው ነገ የሚቀበለውን ተማሪ ዛሬ የማስተምረው እኔ ነኝ። እውቀት እስከ ዲግሪ ድረስ ብቻ የሚፈቀድ ከሆነ ምርምር ሳይሆን ማኅበር ነው ያለን።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከጩኸት ይልቅ ሥራ እንዲሆን እንዲህ ብዬ አስቀምጣለሁ፦

1ኛ. በጣናና በገባር ወንዞቹ ላይ የተሠራ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የድሮውም ስካን ተደርጎ፣ ናድሬ ላይ ይጫን። ያልተጫነ ጽሑፍ ባለቤት ክሊራንስ አያግኝ።

2ኛ. እያንዳንዱ ጥናት አንድ ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ይኑረው። ምን ተገኘ፣ የት፣ መቼ፣ አስጋሪው ምን ያድርግ። ወረቀቷ ዓሣ በሚወርድበት ወደብ፣ በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትና በትምህርት ቤቶች ትለጠፍ። ይህች ገጽ በደረጃ እድገት ላይ ነጥብ ታሰጥ።

3ኛ. በየወደቡ በየቀኑ የሚመዘገበው የዓሣ ምርት መጠን በየዓመቱ ለሕዝብ ይውጣ። በአስጋሪው መረብ የተሰበሰበ ቁጥር ወደ አስጋሪው ይመለስ።

4ኛ. ጆርናል ላይ የምታሳትሙ ምሁራን፣ ብዙ አሳታሚዎች የተስተካከለውን የራሳችሁን ረቂቅ በተቋም ማኅደር እንድታስቀምጡ ይፈቅዳሉ። ፈቃዱን ተጠቀሙበት እንጂ ፋይሉን አታስቀምጡት።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ተማሪዎቼ። ዛሬ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ አላችሁ። ግብርና ቢሮ የገባችሁም፣ ውጭ ወጥታችሁ የምትማሩም አላችሁ። የይለፍ ቃሉ ያለው እናንተ ጋ ነው። ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። የራሳችሁን የመመረቂያ ጽሑፍ ከላፕቶፕ አውጡት። የተቆለፈ ጽሑፍ ሲያጋጥማችሁ ለጸሐፊው በኢሜይል ጻፉለት፤ አብዛኛው ተመራማሪ በደስታ ነው የሚልክላችሁ፣ ሥራው እንዲነበብለት ይፈልጋልና። ያነበባችሁትን ደግሞ ለአባቶቻችሁ በአማርኛ ንገሯቸው። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ስትሰሙኝ «ተምረን ምን እናደርጋለን?» ትሉኝ ነበር፤ ይኸው ሥራ።

እንቦጩ ሲመጣ አይተናል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ መታየቱ ከተነገረ በኋላ ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ፤ አገሩ ሁሉ ገንዘብ አዋጣ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እነ ኡጋንዳና ኬንያ ከዚያው አረም ጋር የታገሉት ግን ከእኛ ሃያ ዓመት ገደማ ቀድመው ነው። በጥንዚዛ የሞከሩትም፣ የተሳካላቸውም፣ ያልተሳካላቸውም ተጽፎ ነበር። እኛ ግን ስንት ጊዜ በወሬ ተከራከርን! ሕዝቡ ጉልበትም ፍቅርም አልጎደለውም። የጎደለው በሰዓቱ የደረሰ እውቀት ነው። በዓሣውም ይሄው እንዲደገም አልፈልግም፤ አረም ዘግይተህም ትነቅለዋለህ፣ ጠፍቶ ያለቀ ዝርያ ግን ዘግይተህ አትዘራውም።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። እኔ የምጎረጉረው ዓሣውን ነው። ዘንዶ ከወጣም ይውጣ፤ እዚያው የነበረ ነው።

የምትስማሙ ሼር አድርጉ። የማትስማሙ ኮሜንት ላይ ኑ፣ እንከራከር። ስለ ጣና ዓሣ የሠራችሁት ጽሑፍ ያላችሁ ደግሞ ሊንኩን እዚሁ ሥር አስቀምጡልኝ፤ ለተማሪዎቼ አትሜ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ቸር ሰንብቱ።